በአንድ ጠዋት ሁለት ግምት የወጣለት ቤት

ለቤት ገማችነት የተፈተንኩ ዕለት ሜትር ይዤ ሰቆጣ ጋሽ እንድሪስ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ማዘጋጃ ቤት ስድስት ወር ስማር ከርሜ ይቺን አንዲት ቤት በትክክል ከገመትኩ ማኅተም ያለበት የገማችነት ወረቀት ይሰጠኛል። ከተሳሳትኩ ግን... ተመልሼ ከሰቆጣ አቅራቢያ ወዳለችው ገጠራችን ዝቋላ፣ ከአባቴ ማሽላ ላይ ወፍ ማባረር ነው።

ፈታኜ ጓድ ታፈረ ከኋላዬ ቆሟል። ሳቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «እኔ የለሁም በል፤ ጠይቅ፣ ለካ፣ ጻፍ» ብሎኛል።

ጋሽ እንድሪስ የጨውና የማር ነጋዴ ናቸው። ግምቱ ከፍ ካለ የቤት ግብሩም ከፍ እንደሚል አሳምረው ያውቃሉ።

«ይኼን ቤት ብለህ ነው ልጄ?» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ነው የምንበሰብሰው። ምሰሶውን ምስጥ ጨርሶታል... ኧረ አትደገፈው፣ ይወድቅብሃል!»

ምሰሶውን በጥፍሬ ጫር ባደርገው ጥፍሬ ተሰበረ። ግን ምን ላድርግ፣ አንጀቴን በሉት። «አሮጌ፣ ምስጥ የበላው» ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ታፈረ ጉሮሮውን ጠረገ።

ይኼኔ ከውጭ «አሰላሙ አለይኩም!» ሲባል ጋሽ እንድሪስ ክው አሉ። ለካ ለልጃቸው የታጨችው የኮረም ልጅ አጎቶች ናቸው! ልጅ ከመስጠት በፊት የወንዱን ቤት ማየት ደንብ ነው፤ ቤቱ ካልጣማቸው ነገሩ በዚያው ይቀራል። ቀጠሯቸው ግን ለጁምዓ ነበር፤ ሁለት ቀን ቀድመው መጡ።

ታላቁ አጎት ጣሪያውን ሽቅብ አዩና «ቤቱ ያረጀ መሰለኝ?» አሉ።

ጋሽ እንድሪስ አጎትየውን አዩ። እርሳሴን አዩ። እንደገና አጎትየውን አዩ... አሳዘኑኝ። በልጅና በግብር መሃል መግባት ቀላል አይደለም።

«ምን ያረጃል!» ብለው ምሰሶውን በቡጢ ነረቱት። «ወይራ ነው! እኔን ቀብሮ የልጅ ልጆቼን ይድራል። ወላሂ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ገብቶበት አያውቅም!»

አጎትየው ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። እስቲ አንተ ንገረን፣ ቤቱ እንዴት ነው?»

ጓድ ታፈረ ደብተሬን ያያል። ጋሽ እንድሪስ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ... ቅድም ሲያማርሩ አንዴም ወላሂ አላሉም ነበር። የጻፍኩትን ሰረዝኩት።

«ምሰሶው ወይራ፣ ጣሪያው ጤነኛ፣ ቤቱ አንደኛ ደረጃ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

አጎቶቹ እርስ በርስ ተያይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ እንድሪስ በአንድ ፊት ሳቁም ለቅሶውም መጣባቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄን ዳርክልኝ፣ እኔን ግን ገደልከኝ» አሉኝ።

ጓድ ታፈረ ፈረመልኝ። «አለፍክ» አለ፤ «የሰረዝከውን ግን አይቼዋለሁ።»

ይኸው ስንት ዓመት ቤት ስገምት ኖርኩ። ባለቤቱ ቤቱን ማጣጣል ሲጀምር ሜትሬን ከመዘርጋቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ለመሆኑ የሚዳር ልጅ አለዎት?»