ፀሐይ የሚያሳድረው ኢብሪቅ

ሱዳን፣ ዓጥበራ ከተማ ካለው የምህንድስና ኮሌጅ የወጣ ሰው ያስተማሩትን ሁሉ ስም ሊረሳ ይችላል፤ አጎት ኸለፈላን የረሳ ግን እስካሁን አልተገኘም። የላብራቶሪው ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡሩ ሠርተዋል፤ ሥራቸው ሐዲዱ ዳር ያሉትን የምልክት መብራቶች ባትሪ መንከባከብ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዶሚኖ መጫወቱ አልሆንላቸው አለና የላብራቶሪውን ቁልፍ ተረከቡ።

እሳቸው ዘንድ ባትሪ ውሃ አይጨመርበትም፤ እንደ ከብት ውሃ ይጠጣል። ተማሪ ረስቶ ከሄደ ጉዱ ፈላ ማለት ነው። "አንቺ፣ ሱላፋ! እነዚህን ምስኪኖች አጠጥተሻቸዋል ወይስ እንደ እንጀራ ልጅ በጥማቸው ልታሳድሪያቸው ነው?" ይሉ ነበር። ሱላፋ ዛሬ ፖርት ሱዳን ውስጥ የታወቀች መሐንዲስ ናት። የባትሪ አሲድ በሸተታት ቁጥር ግን ያ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይመጣባታል።

የመመረቂያ ዓመቷ ላይ እሷና ሙደሲር የሚባል ቀልደኛ ልጅ አንድ ሳጥን ሠሩ። ሳጥኑ የአንድን ቤት የመብራት ፍጆታ በየደቂቃው እየመዘገበ፣ ባትሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ይናገራል። ለሙከራው ሰው የሚኖርበት ቤት ያስፈልግ ነበር።

"የኔን ቤት ውሰዱት፤ ሲታናን ግን እናንተው አስፈቅዱ። እኔ ከሷ ጋር የምከራከርበት ዕድሜ አልፏል" አሉ አጎት ኸለፈላ።

ባለቤታቸው ሐጃ ሲታና ሳጥኑን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ይሄ ነገር ወሬ ያወራል?"

"ኧረ በፍጹም ሐጃ! ቤቱ መቼ ምን ያህል መብራት እንደበላ ብቻ ነው የሚቆጥረው" አለ ሙደሲር።

"እንግዲያው ያወራል በለኛ!"

ቢሆንም ፈቀዱ። ሲፈቅዱ ደግሞ በባዶ እጅ አይደለም፤ ትኩስ ዘላብያና ሻይ በወተት አቀረቡ። ያን ዕለት ነው ሱላፋ ስለ ኢብሪቁ የሰማችው። ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ የሚቀመጥበት የመዳብ ዕቃ ነው፤ ሐጃ ሲታና ከእናታቸው የቀራቸው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

"ቀኑን ፀሐይ ላይ ከዋለ ሙቀቱን ይዞ ያድራል" አሉ በኩራት። "በዚህ ብርድ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ውሃው ለብ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ። እናንተ ባትሪ ባትሪ ትላላችሁ፤ ባትሪ ማለት እንዲህ ነው!"

"ሐጃ፣ የኛን ሳጥን ትተን ይሄንኑ ብናቀርብ በማዕረግ ያስመርቀን ነበር" አለ ሙደሲር። አጎት ኸለፈላን ሻዩ ትን አላቸው። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ኢብሪቅ ፀሐይ ላይ አውሎ፣ ማለዳ በበረዶ ውሃ ፊቱን ታጥቦ፣ ሐጃ ሲታናን በሆዱ መቅናቱን ሱላፋ በኋላ ሰማች።

ቤቱ ከምሽት እስከ ንጋት በሁለት ባትሪዎች እንዲያድር ተደረገ። ዘጠና ቀን ሊለኩ ነበር ያቀዱት። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ተበላሸ። ሳጥኑ "ባትሪው ፀሐይ እስክትወጣ ያደርሳል" ይላል፤ ባትሪው ቀድሞ ይደክማል። መዝገቡ ሲታይ በየማለዳው፣ ከሱብሒ አዛን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መስመሩ ድንገት ወደ ላይ ይዘልና ለስምንት ደቂቃ ቆይቶ ይወርዳል። የቤቱ ማራገቢያም፣ አምፖሉም፣ ማቀዝቀዣውም እንዲያ አይዘልም። ሽቦውን በመበየጃ ካውያ ደግመው በየዱት፤ በቴስተር ፈተሹት፤ ዝላዩ ንቅንቅ አላለም። የሚመሯቸው መምህር ደግሞ ቁርጡን ነገሯቸው፦ ምክንያቱ ካልታወቀ ማዕረግ የሚባል ነገር የለም። ሱላፋ ፖርት ሱዳን ያገኘችው ሥራ የሚሰጠው በማዕረግ ለተመረቀ ብቻ ነበር፤ ሌላ ተስፋም አልነበራትም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች።

"አጎቴ፣ ጎረቤት ከእርስዎ መስመር ላይ መብራት የሚሰርቅ ይመስለኛል።"

አጎት ኸለፈላ ወረቀቱን አዩ። ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ሌባውን አግኝተሽዋል ልጄ። እኔ ነኝ።"

ከመሳቢያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ውሃ ውስጥ የሚነከር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው።

"በተጋባን ዓመት ብርዱ ከባድ ነበር። ውዱእ ስታደርግ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። በማግስቱ ቀድሜያት ተነሳሁና ውሃውን በከሰል ለብ አደረግሁላት። ማን አሞቀው ስትለኝ አፈርኩ። የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ቢሰማ፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ለሚስትህ ውሃ ታሞቃለህ?» እየተባልኩ መሳቂያ ነበር የምሆነው! አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ የእናትሽ ኢብሪቅ እኮ ፀሐይ ያሳድራል አልኳት። አመነች። ደግሞ መች ዝም አለች፤ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ኋላ ከሰሉን በዚህ ተካሁት፤ እንዳታየው ቀን ቀን እዚህ አውለዋለሁ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን።"

"ታዲያ አሁን ቢነግሯቸው ምን አለበት?"

"የእናቷ ማስታወሻ እኮ ነው። ተራ መዳብ ነው ልበላት?" ማሞቂያውን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። "እኔ በሕይወት እስካለሁ አትንገሪብኝ።"

ሱላፋ ቃል ገባች። ለሙደሲርም አልነገረችው።

የመመረቂያ ፈተናው ዕለት ፈታኙ ከማለዳው ዝላይ ሥር የተጻፈችውን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ አደረገ። "ያልታወቀ የመብራት ጭነት ይላል። ዘጠና ቀን ለክታችሁ ይሄን ሳታውቁ ቀራችሁ? ምንድነው?"

አጎት ኸለፈላ ቁልፋቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

"አልታወቀም" አለች ሱላፋ።

አለፉ፤ ማዕረጉ ግን ቀረ። የፖርት ሱዳኑም ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሁለት ዓመት ዓጥበራ ገበያ ውስጥ ስልክ ስትጠግን ኖረች። አልቆጫትም ማለት ውሸት ነው፤ ያለቀሰችበትም ቀን አለ። አጎት ኸለፈላ ግን በየሳምንቱ ሱቋ ድረስ ይመጡ ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሱም። "ባትሪዎችሽን አጠጥተሻል?" ይሉና ዘላብያ አስቀምጠውላት ይሄዳሉ።

በስተመጨረሻ ፖርት ሱዳን ሥራ አገኘች። አጎት ኸለፈላ ማረፋቸውን የሰማችው እዚያ ሆና ነው፤ ለቀብሩ አልደረሰችም። ብርዱ ሲገባ ፈቃድ ወስዳ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏንም ይዛ ነበር፤ የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸው ስላለ ለሐጃ ሲታና ልትሰጣቸው አስባ ነው።

ሐጃ ሲታና አቅፈው አለቀሱላት። ኢብሪቁ መስኮቱ ላይ ደርቆ ተቀምጧል።

"አየሽው? እሱም ሞተ" አሉ። "ኸለፈላ ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሙቀት አላሳደረም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ፤ ማለዳ በረዶ ነው። ምናልባት ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ቀጥቃጭ ጋ ልውሰደው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ዕቃም ያዝናል እላለሁ።"

ሱላፋ ብትናገር የእናታቸውን ኢብሪቅ ትወስድባቸዋለች፤ ዝም ብትል ባላቸውን ትነፍጋቸዋለች። ጽሑፏን የማለዳው ዝላይ ያለበት ገጽ ላይ ገለጠች።

"ሐጃ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብላ ጀመረች፤ ማሞቂያውንም፣ ከሰሉንም፣ በሩ ተዘግቶ የተነገራትንም ሁሉ ነገረቻቸው።

ሐጃ ሲታና ጽሑፉን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ካለው ዝላይ ወደሚቀጥለው ዝላይ ይሄዳል።

"ዘጠናውንም ቀን ተነሳ?"

"ሰማንያ ዘጠኙን። አንድ ቀን ብቻ ጎድሏል፤ ይኸው፣ እዚህ ጋ።"

"ወባ የጣለው ዕለት ነው" አሉ። "ውሃው በረደብኝና ክዳኑን ከፍተህ አሳድረኸው ነው ብዬ ጮኽኩበት። ትኩሳቱ እያንዘፈዘፈው፣ አዎ እኔ ነኝ ሲታና፣ ረስቼው ነው አለኝ። እኔም ተቆጥቼ ወጣሁ።"

በልብሳቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሱላፋም አብራ አለቀሰች። ኋላ ቀና ብለው ዓይናቸውን ጠረጉና ከዝላዩ ሥር ያለችውን ጽሑፍ አነበቡ።

"ያልታወቀ ይላል እንዴ?"

"አዎ ሐጃ።"

"እንዴት ያልታወቀ? ስክሪብቶ ስጪኝ።"

ያልታወቀ የሚለውን ሰረዙትና ከላዩ ላይ ኸለፈላ ብለው ጻፉ።