ባለቤት ያለው ጆሮ

ትናንት ከሰዓት ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታችን መጣ። ገመዱን ትቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጋዘን ራስ አፍጥጦ ያያል። «ጋሼ... ይሄ አጋዘን ግራ ጆሮውን ምን ነክቶት ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኑ! እንግዲህ ከተነሳ ላውራው።

ባቡሩ አቃቂ እያፏጨ በሚቆምበት ዘመን ነው። እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ልቤ ደግሞ ብርቄ ጋ። አባቷ አባባ ገመቹ የገላን ገበሬ ናቸው፤ ከብት አርቢ፣ የገዛ ጥላቸውን የሚጠረጥሩ ሰው። ሽማግሌ ስልክባቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊያሞግሰኝ ብሎ አዋሽ በረሃ ወርጄ አጋዘን መግደሌን ነገራቸው። ውሸት አልነበረም። ፈቃድ አውጥቼ፣ የባቡር ሠራተኛ ከሆነው ጓደኛዬ ከታደሰ ጋር ሄጄ ጥያለሁ።

አባባ ገመቹ ግን በወሬ የሚረኩ ሰው አይደሉም። «ግዳዩን በዓይኔ ሳላይ የሠርግ ቀን አልቆርጥም» አሉ።

ግዳዩ ደግሞ ድሬዳዋ ነው። አጋዘኑን እንደጣልኩት የጭንቅላቱን ቆዳ ገፍፈን፣ ጨው ነስንሰን ጠቅልለነው ነበር። የእኔ እረፍት ስላለቀ ታደሰ ቆዳውንና ቀንዱን ይዞ ድሬዳዋ ወረደና ለአንድ ባለሙያ ሰጠልኝ። ሰውየው የአውሬ ቆዳ አድርቆ፣ ጭድ ሞልቶ፣ ዓይን አስገብቶ በሕይወት ያለ የሚያስመስል ነው አሉ። ከወራት በኋላ ሣጥኑ በባቡር መጣ።

አቃቂ ጣቢያ ላይ ፈታሹ አላስወጣም አለኝ። ለእሱ ከድሬዳዋ የመጣ ሣጥን ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው። ሣጥኑን አስከፍቶ በአጋዘኑ አፍንጫ ቀዳዳ ሽቦ ሰድዶ ሲጎረጉር ቆየና ከጭድ በቀር ምንም ሲያጣ ቅር እያለው ለቀቀኝ። እኔም ያ ሁሉ ጥርጣሬ እዚያው የቀረ መስሎኝ በጋሪ ጭኜ ገላን ሄድኩ።

ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ብርቄ ከበሩ ጀርባ ሆና ታያለች። አባባ ገመቹ ያን የመሰለ ጥምዝ ቀንድ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከብት ገበያ እንደሚያደርጉት ግራ ጆሮውን በሁለት ጣታቸው ያዙና ገለበጡት። ጫፉ በቢላ ተሰንጥቆ የዳነ ነው... ባለ ከብት ከብቱ ከሰው መንጋ ጋር እንዳይቀላቀልበት የሚያደርገው ምልክት። በጣቢያው ግርግር እኔ ጆሮውን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

«ይሄ ጆሮ ባለቤት አለው» አሉና እጃቸውን ጠርገው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲያ አቃቂ ስለ እኔ የማያወራ አልነበረም። ቀንዱን ገዝቶ የሰው ጥጃ ራስ ላይ አስተከለው ይላል አንዱ፤ በረሃ የሰው ከብት ተኩሶ አጋዘን ነው አለ ይላል ሌላው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከሁሉም ኋላ፣ ያውም ከብርቄ አፍ ነው። ወንዝ ዳር ጠብቃ አገኘችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «የሰው ከብት ከሆነ ለእኔ ንገረኝ» አለችኝ። ያቺ ቃል አመመችኝ።

ክፋቱ፣ እያደር ራሴንም መጠርጠር ጀመርኩ። ያ ከቁጥቋጦው በላይ ያየሁት ጆሮ ደህና ነበር? ወይስ ታደሰ የእኔን ሸጦ ሌላ አመጣልኝ? ብጠይቀው ተቀየመኝና ሰላምታ ተወ። ሚስትም ጓደኛም ላጣ ነው...

አንድ ጠዋት አባባ ገመቹ እሳቸው ግቢ የቀረውን የአጋዘኑን ራስ በጆንያ ጠቅልለው ወደ ድሬዳዋ ባቡር ሊሳፈሩ ነው አሉኝ። ሮጬ ጣቢያ ደረስኩና አብሬዎት ልሂድ ብላቸው ጆንያውን እቅፋቸው ውስጥ አጥብቀው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ካለህ ያ ባለሙያ አንተን አንተን እያየ ነው የሚመልስልኝ።»

ባቡሩ በተመለሰ ቁጥር ጣቢያ ቆሜ ጠበቅሁ። ይመጣሉ የተባለበት ቀን አለፈ። ደግሞ ምን አግኝተው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ አቧራ ለብሰው ወረዱ። ጆንያውን አስያዙኝና መንገድ ላይ ነገሩኝ። ጥፋቱ የጨው ነው። እኔና ታደሰ የጭንቅላቱን ቆዳ ጨው ስናለብስ ግራ ጆሮውን ረስተነዋል፤ ለካ ጆሮ ተገልብጦ ውስጡ ጨው ካልተሞጀረበት ይበሰብሳል። ባለሙያው ዘንድ ሲደርስ ጠጉሩ በእጁ ላይ ረገፈ። ሰውየውም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሐዲድ ላይ ባቡር ገጭቶ የጣለው ጥጃ አግኝቶ የእሱን ጆሮ ቆርጦ ሰፋበት። ምልክቱን አላየውም፤ ቢያየውም ግድ አልሰጠው።

«ታዲያ ለምን ቆዩ አባባ?» አልኳቸው።

«የጥጃውን ባለቤት ስፈልግ ነዋ። ጆሮህ እኔ ቤት ነው ብዬ አስፈቀድኩት።»

ያን ቀን ሳቅም ልቅሶም ቃጣኝ። ማታውን ሽማግሌዎቹን አስጠርተው የሠርጉን ቀን ቆረጡ። በሠርጌ ዕለትም ለአውሬ ገዳይ የሚቀባውን ቅቤ በእጃቸው አናቴ ላይ አደረጉልኝ። ታደሰም ታርቆኝ ሚዜ ሆነ።

ይህን ሁሉ ለዲሽ ሠሪው ነገርኩት። መሰላሉ ላይ እንደቆመ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ የአጋዘኑን ራስ አየ፣ እኔንም አየኝ። «እሺ ጋሼ፣ ጆሮውስ የጥጃ ነው... ቀንዱስ?»

የታደሰ ምስክርነት የጓደኛ ነው፤ ለዚህ ደፍረው ቢመሰክሩልኝ ሰው የሚያምናቸው ያኔ የጠረጠሩኝ አማቼ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ዛሬ የሉም።