ለአንድ ቀን የተመለሱ መጻሕፍት፦ ከደብረ ብርሃን አንኮበር

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው አይመርጥም፤ ኮሚቴም ቢሆኑ ያንቀጠቅጣል። ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርት፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደርቤ መኪና እጠብቃለሁ። ብብቴ ሥር ያለው ፋይል «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዘላቂ አገልግሎት የአሥር ዓመት ዕቅድ» ይላል። ርእሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሃያ ዓመት ስሠራ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ነገር ጽፌ አላውቅም።

ፒክአፑ መጣ። ከፊት የተቀመጡት የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ ጌታነህ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በንብረት ክፍል የጨረሱ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰኩ ሰው። ሹፌራችን ይርጋ በመስታወቱ አየኝና ጀመረ።

«እትዬ ሙሉ፣ ዕቅዱ የስንት ዓመት ነው ያሉኝ?»

«የአሥር።»

«የኋላ ጎማችን አንኮበር ይድረስና ስለ አሥር ዓመቱ እናወራለን።»

አቶ ጌታነህ አልሳቁም። ሥራችን በየወረዳው ያሉትን ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት አይቶ ቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ ላይ ከሁሉም የሚከብደው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መደርደሪያው ከግማሽ በላይ ሞልቷል? አዎ / አይደለም።» አይደለም ከተባለ ቤቱ ይዘጋል፤ መጻሕፍቱ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ክፍሉ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። የአንኮበሩን ክፍል የሚጠብቁት ሰዎች ጠረጴዛ ሳይቀር ገዝተዋል ሲባል ሰምተናል። ይህን ጥያቄም ያወጣሁት እኔው ነኝ። በዓይን የሚታይ፣ ጭቅጭቅ የሌለው ጥያቄ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ መንገድ ላይ

ጉሙ ወርዶ ከመኪናው አፍንጫ በላይ አያሳይም። አንዴ የድንጋይ አጥር፣ አንዴ የገብስ ክምር ብቅ ይልና ይጠፋል። በጎች አስፋልቱ ላይ ቆመው የይርጋን ጥሩምባ ያዳምጣሉ፤ መንገድ የመልቀቅ ሐሳብ ግን የላቸውም።

አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ወረድን። ባለቤቷ አያልነሽ ትባላለች። ትኩስ ዳቦና ጦስኝ ያለበት ሻይ አቀረበችልንና ከፊታችን ቆመች።

«ቶሎ ጠጡልኝ፤ ልዘጋ ነው።»

«በጠዋቱ?» አልኳት።

«ጎረቤላ ተጠርቻለሁ። ሰው ይመጣል ተብሎ።»

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ የእኛም መንገድ ወደዚያው ስለሆነ ከኋላ አሳፈርናት። በነጠላዋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች። ይርጋ «ቂቤ ነው?» ሲላት ይበልጥ ሸፈነችው።

ሦስት ሰዓት፤ ጎረቤላ

ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰማያዊ በር። ከፊቱ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ከመቶ የማያንስ ሰው በጉም ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል። አቶ ጌታነህ ከመኪና ሲወርዱ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ስለተደረገልን ደማቅ አቀባበል በኮሚቴው ስም ከልብ እናመሰግናለን!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ማንም አላጨበጨበም። ፌስታሏን ይዛ ቀድማን ወደ ክፍሉ ገብታ ባዶ እጇን የወጣችው አያልነሽ አጥሩ ላይ ቦታ ያዘችና ጠየቀች፦ «መቼ ነው የምትጨርሱት?»

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ዘነበች በሩን ከፈተችልን። ተደነቅሁ። መደርደሪያዎቹ ከላይ እስከ ታች ጢም ብለዋል። የእኛ የደብረ ብርሃኑ እንኳ እንዲህ አይደለም፤ ቅናት ቢጤም ሽው አለብኝ። አቶ ጌታነህ ረክተው እስክሪብቶ መዘዙ።

ሰውየው ግን የንብረት ክፍል ሰው ናቸው፤ በእጃቸው ሳይነኩ አይፈርሙም። አንዱን መጽሐፍ ሳቡ፤ ከመሐሉ ገለባ ወደቀ። ሁለተኛውን ሳቡ፤ የአውቶቡስ ትኬት። ስለ ዶሮ እርባታ ከሚያወራው ደግሞ የዶሮ ላባ ወጣ። አራተኛው ወፍራም የወንጀል ልብ ወለድ ነው፤ ገጹ ላይ የጧፍ ክር ተጋድሟል።

«እነዚህን ሁሉ ሰው እያነበባቸው ነው እንዴ?» አሉ።

ወይዘሮ ዘነበች ከጠረጴዛዋ መሳቢያ የእኔን ቅጽ አወጣች፤ ቀድመን የላክንላት ግልባጭ ነው።

«መደርደሪያዬ ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚውለው፤ መጻሕፍቱ በየሰዉ ቤት ናቸው» አለች። «ባዶውን አይታችሁ እንዳትዘጉብኝ ብዬ ለአንድ ቀን መልሱልኝ ስል ገበያ ላይ አስነገርኩ። እነሱም አመጡልኝ። አሁን እናንተ እስክትሄዱ ነው የሚጠብቁት።»

አፈርኩ። አሥር ዓመት አስቤ አንድ ቀን ላይ ተሳሳትኩ። ሰው የሚወስደውን ቤት የሚዘጋ፣ ማንም የማይነካውን ቤት የሚሸልም ጥያቄ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

«የወጣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አለ አይባልም» አሉ አቶ ጌታነህ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። «መልሺላቸው። እውነተኛ መልኩን አይቼ ልሙላ።»

አምስት ሰዓት፤ እዚያው

በሩ ሲከፈት ሰዉ የዳቦ ሰልፍ እንደተፈታ ገባ። አያልነሽ መጽሐፏን በላባው አውቃ መነተፈችው። ብዙም ሳይቆይ መደርደሪያው ላይ የቀረው ጥቂት ጥራዝ ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ እኛው ከደብረ ብርሃን በስጦታ የላክናቸው የስብሰባ ሪፖርቶች ናቸው። እነሱን የወሰደ አንድም ሰው የለም።

አቶ ጌታነህ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እስክሪብቶው «አይደለም» የሚለው ላይ ቆሟል። ግራ እጃቸው ግን ያንን የወንጀል ልብ ወለድ አለቀቀም፤ ጣታቸው ገጽ መሐል ገብቷል። እንደ ቀልድ ሁለት ምዕራፍ አንብበዋል።

ፊታቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ መጥተው ቆሙ፤ መምሬ ኃይሌ ይባላሉ።

«ልጄ፣ እሱ የኔ ነው። ጧፉን ያኖርኩት እኔ ነኝ። ገዳዩ ሊገኝ ጥቂት ገጽ ነው የቀረኝ።»

አቶ ጌታነህ ደንግጠው ተነሡና መስቀል ተሳለሙ። መጽሐፉን ግን አልሰጡም። «አባቴ፣ ይቺን ምዕራፍ ብቻ...»

መምሬ ኃይሌ ቅጹን አዩ፤ እስክሪብቶውን አዩ፤ የተራቆተውን መደርደሪያ አዩ። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ውሰደው» አሉ። «ደንቡን ግን ዘነበችን ጠይቃት።»

ደንቡ አጭር ነው። መጽሐፍ የሚወስድ ሰው ዋስ ያመጣል። ዋሱ የቤቱ አንባቢ መሆን አለበት። ቀኑ አሥራ አምስት ነው፤ ተዋሹ ካልመለሰ ዋሱም ሌላ መጽሐፍ አያገኝም። አቶ ጌታነህ ዞረው ይርጋን አዩት።

«እኔ ለኋላ ጎማችንም ዋስ አልሆን!» አለ ይርጋ።

«እኔ እሆነዋለሁ» አሉ መምሬ ኃይሌ፣ መዝገቡ ላይም ፈረሙ። «ከመለስክልኝ አነባለሁ። ካልመለስክ ገዳዩን ሳላውቅ እሞታለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት፤ መልስ ጉዞ

ጉሙ ተገፎ ቆላው ከገደሉ ሥር እስከ ሩቅ ተዘርግቶ ይታያል። ይርጋ መኪናውን አቁሞ «እዩት እንጂ!» አለ። እኔ አየሁት። አቶ ጌታነህ ከገጹ ላይ ቀና አላሉም። ደብረ ብርሃን ስንገባ ቅጹ እንዳልተሞላ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፤ እንደገና ጎረቤላ

አቶ ጌታነህ ያስጠሩኝ ትናንት ነው። «አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ነገ እንሂድ» አሉኝ። ሁለት ቀን ስለሚቀረው በሰው መላክ እንደሚቻል ነገርኳቸው። «እኔ ነኝ የፈረምኩት» አሉ።

በመንገድ ላይ ቅጹን አሳዩኝ። ሐሰት አልጻፉም፤ «አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «መጻሕፍቱ በአንባቢ እጅ ናቸው። ቤቱ እንዳይዘጋ። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።» ኮሚቴው ተቀብሎ ማኅተም አድርጎበታል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነካችኝ፤ ግን ይገባኛል።

መምሬ ኃይሌ ብቻቸውን አጥሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስንት ቀን ጀምሮ እንደተቀመጡ አልጠየቅሁም። አቶ ጌታነህ በአንድ እጃቸው ቅጹን፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ይዘው ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም።

«አባቴ፣ ምሥራች! ቤቱ...»

«ዝም በል!» አሉ መምሬ ኃይሌ እጃቸውን ዘርግተው። «ገዳዩን እንዳትነግረኝ።»

መጽሐፉን ተቀበሉ፤ ጋዜጣውን ቀደዱ፤ የጧፋቸው ክር ካስቀመጡበት አልተነቃነቀም። እዚያው ብርዱ ላይ ማንበብ ጀመሩ። እኛም ምሥራቹን እንደያዝን፣ እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ቆመን ጠበቅን።