አያቴን «አይዳን» ያለው ማነው?

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ አንድ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ ነርሷ ካርዴን ይዛ ወጣችና «ሰለሞን ግርማ አይዳን!» ብላ ጮኸች...

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አማተቡ። «ምን አድርጓት ነው እንዲህ የምትረግመው?»

«ኧረ እርግማን አይደለም እማማ... የአያቴ ስም ነው።»

ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ስም ተስቆብኛል። ለልጁ «አይዳን» ብሎ ስም የሚያወጣ ማነው? አባቴም አያውቅም። አያቴ ያለ አባት ነው ያደገው፤ የአባቱ ነገር ደግሞ ቤታችን አይነሳም።

ያን ቀን እልህ ያዘኝና እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። የአየርላንዶች ስም ሆኖ ቁጭ! ኬልት ከሚባሉት የጥንት ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ትንሹ እሳት»። ደስ አለኝ... ግን አየርላንድና አቃቂን ምን አገናኛቸው?

ቅዳሜ ከሰዓት የአያቴ ታናሽ እህት፣ በእናት ብቻ የሚገናኙት እማማ የሺ ቤት ሄድኩ። አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። እማማ የሺ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንድ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ ጓዳ ተኝተዋል። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ለልጃቸው ለእትዬ አልማዝ ያገኘሁትን አጫወትኳት።

«እስቲ እነሱ እንዴት ነው የሚጠሩት?» አለችኝ።

ስልኬ ላይ የድምፅ ምልክቱን ነካሁት። ስልኩ በወንድ ድምፅ፣ ጎተት አድርጎ «ኤይ...ደን» አለ። ደገምኩት። «ኤይ...ደን።»

«የለም ጌታዬ... ባቡር ሊያይ ሄዷል።»

ድምፁ የመጣው ከጓዳ ነው።

እትዬ አልማዝ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ተያይዘን ገባን። እማማ የሺ ዓይናቸው ፈጦ የውጪውን በር በኛ አሻግረው ያያሉ።

«እማዬ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከአይዳን አባት ነዋ። ከፈረንጁ...» አሉ። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ነበር። «በር ላይ ቆሞ ይጠራዋል። እማዬ እንዳትከፍቱለት ብላለች።»

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን እሷ የለችም... ክፈትለት።»

እትዬ አልማዝ እያለቀሰች «በእናትህ ክፈትላት» አለችኝ። ሄጄ ከፈትኩ። ፀሐይ ነው፤ ደጁ ላይ ማንም የለም... አንድ ባጃጅ ብቻ አቧራ እያስነሳ አለፈ።

«ግባ በለው እንጂ!» አሉ ከውስጥ።

ባዶውን ደጃፍ እያየሁ «ይግቡ» አልኩ።

ስመለስ እማማ የሺ ፈገግ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እኔ የስሙን ትርጉም ፈለግኩ እንጂ... ስም አውጪውን ቤት አስገባለሁ መቼ አልኩ!