የማዳም ሰዓት በእናቴ እጅ

ሰዓቱን የሰጠችኝ ማዳም ናት። ስጦታ እንዳይመስላችሁ። አረብ አገር እሷ ቤት ስሠራ የልብ ምቴን፣ እርምጃዬን፣ እንቅልፌን ይቆጥራል፤ እሷ በስልኳ ታየዋለች። «ዛሬ አርባ ደቂቃ ተቀምጠሻል» ትለኝ ነበር።

ኮንትራቴን ጨርሼ ደብረ ታቦር ስገባም ከእጄ አልወረደም። ስልኬም ሰዓቱም በእሷ አካውንት እንደተከፈቱ አውቃለሁ። ግን ሌላ ለሰው የሚታይ ነገር አላመጣሁም። ደግሞ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፣ ቤቱ ጠቦኛል፤ መልሳ ልትወስደኝ ቃል ገብታለች። ጤነኛ መሆኔን እንድታይ ብዬ ተውኩት።

አንድ እሑድ እናቴ «እስቲ ለእኔ እሰሪልኝ» አለች። «ባዶ እጇን መጣች እያሉ ያሙሻል። ቤተ ክርስቲያን ይዩት።»

አሰርኩላት። ሳምንቱን ሙሉ አልፈታችውም። ገበያም ስትሄድ ነጠላዋን ከእጇ ላይ ገለል ታደርጋለች። ቤት ስትመለስ ሰዓቱ የቆጠረው ሁሉ በስልኬ በኩል ወደ ማዳም ይሄዳል። ይህን አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ማዳም በድምፅ ላከችልኝ። «ደህና ነኝ ብለሽኝ ነበር። ተቀምጠሽ እንኳ ልብሽ ይሮጣል። ትንሽ ሄደሽ ትቆሚያለሽ። በሽተኛ አልወስድም።»

ያደረግሁትን አልደብቅም። ደስ አለኝ። «እኔ አይደለሁም፣ ሰዓቱን ያሰረችው እናቴ ናት» ብዬ ወዲያው መለስኩላት። እናቴ ታማለች ማለት እንደሆነ የገባኝ ከላክሁት በኋላ ነው።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እማየ፣ ልብሽን ያምሻል?»

«ማን አለሽ?»

«ማዳም።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሷ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታውቀኝ?»

ሁሉንም ነገርኳት። «አንቺ እንዳትሰሚ ስንት ጊዜ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ እያልኩ መንገድ ላይ ተቀምጫለሁ» አለች። «አንቺ ግን አይታኝ ለማታውቅ ሴት አወራሽው።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«መጀመሪያ አንቺ አረብ አገር ሂጂ። እኔ ዛሬ ከተኛሁ አንቺም ቀረሽ።»

ይህን ስንባባል የማዳም መልስ መጣ፦ «እንግዲያው አንቺ እሰሪውና ልየው።»

እናቴ ሰዓቱን ፈትታ በእጄ ላይ አሰረችው፤ አጥብቃ። «ተነሺ። የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ዳገት ውጪ። እንዳትቆሚ።»

እስከ ዳገቱ ሥር አብራኝ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ትንሽ አለከለክሁ፣ የልብ ምቴ ቁጥር ግን ቶሎ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ማዳም ወደ ላይ የቆመ የአውራ ጣት ምልክት በስልኬ ላከችልኝ።

ወደ ታች አየሁ። እናቴ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሌላው ጫማዋን ታራግፋለች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሰላም ብለዋት አለፉ። ጠጠር እንደሌለ የምናውቀው እኔና ማዳም ብቻ ነን።