የይግዛው እጅ ያልነበረው ጋቢ

እናቴ እስከ ዛሬ «ልጄን የገደለው የውጭ ጋቢ ነው» ትላለች። አላረምኋትም። ለእሷ ያልነገርሁትን ለእናንተ ልናገር።

ታላቅ ወንድሜ ይግዛው ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ዘንዘልማ ካለው የግንባታ ሥራ ሲመለስ፣ ሲሚንቶ እንደለበሰ ሱቄ በር ላይ ቆመና፣ «አንተ ነጋዴ፣ ዛሬስ ማንን ሸወድህ?» አለኝ። ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ምን ብዬ ነው የሣቅሁት?

ይግዛው ሸማኔ ነበር። በሽመናው አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሰኝ፤ ሱቁንም የከፈተልኝ እሱ ነው። አመስግኜው አልጨርስም። ኋላ በማሽን የተሠራ ጋቢ ከውጭ በርካሽ ይገባ ጀመር። ለድር የሚገዛው የፋብሪካ ክር ደግሞ በዶላሩና በቀረጡ ተወደደ። ያለቀለት ልብስ ረክሶ ይገባል፣ መሥሪያው ክር ይወደዳል። አስመጪው ፎቅ ሠራ፤ ሸማኔው ሥራ ፈታ። ይህ እውነት ነው። እኔ ግን እውነቱን መደበቂያ አደረግሁት።

ፔዳ ሰፈር የሚኖሩ እትዬ አስካል የሚባሉ ሴት ለእናታቸው ጋቢ አዝዘውት ነበር። ክር አጥቶ ዘገየ። እኔ ያንኑ የውጭውን ጋቢ ከሱቄ አውጥቼ «የይግዛው እጅ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። እሱን «ትዕዛዙን ትተውታል» አልሁት። ጋቢው በመጀመሪያው እጥበት ተኮማተረ። «የይግዛው እጅ ተበላሸ» የሚል ወሬ ከቤት ቤት ሄደ። አዛዥ ጠፋ። እሱ «የውጭው ጋቢ ጣለኝ» ሲል፣ እኔ «አዎ፣ ቀረጡ ነው» አልሁ። ቀረጡ ብቻ ነበር? እኔስ?

ሽመናውን ትቶ የቀን ሥራ ገባ። ሱቄ በር ላይ በሣቅን ማግስት ከግንባታው መወጣጫ ወድቆ ሞተ።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ፔዳ ሄድሁ። እትዬ አስካል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ለቅሶው ሊወጡ ነበር። ሁሉን ነገርኋቸው።

«እኔም ስሙን አጥፍቻለሁ» አሉ። «ላወራሁላቸው ሁሉ አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ና፣ ቅደም።»

ስላላባረሩኝ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው አፈር ገብቷል። ክር ተወዶ ነው አልልም። የመጀመሪያዋን ጎረቤት በር አንኳኳሁና፣ «ጋቢው የወንድሜ እጅ አልነበረም፤ ያታለልሁት እኔ ነኝ» አልሁ።