ሁለቱ ሲሊንደሮችና የጓንግ ገመድ

ከጎንደር የተነሳነው በኅዳር ወር፣ በጭነት መኪና ነው። የሄድኩት የአንድ ገመድ ጫፍ ፍለጋ ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ታናሽ ወንድሜ አያሌው መተማ አጠገብ ባለ የመንግሥት እርሻ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅስ ነበር። በበርሜሎች ላይ ተንሳፍፎ ከዳር የታሰረው ፓምፕ ጓንግ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ፤ እሱም «ገመዱን ቆርጦ አሻጥር ሠራ» ተብሎ ታሰረ። «አልቆ ነው የተበጠሰ» ብሎ ቢምልም የሚያምነው አጣ። ዳር የቀረውን ቁራጭ አንዱ የሰሊጥ ነዶ ሊያስርበት ወስዶታል፤ ቆላ ውስጥ ገመድ ወድቆ አያድርም። ሌላው ጫፍ ያለው ውሃው ሥር ነው።

ስለዚህ ጣና ላይ ጀልባ የሚጠግኑትን፣ ቀድሞ ምጽዋ ጠላቂ ባሕረኛ የነበሩትን ባሻ ወልዱን ለምኜ ይዣቸው ወረድኩ። እርሻውም ፓምፑን ስለሚፈልገው እሺ አለ።

ቁልቁለቱ

አይከል ላይ ቁርስ ስንበላ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲወርድ እኔም ልብሴን አንድ በአንድ አወለቅሁ። ሁለቱን የአየር ሲሊንደሮች በብርድ ልብሴ ጠቅልዬ እንደ መንታ ሕፃናት አቅፌያቸዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽን ፈትቶ ሆዱን ማየት አመሌ ነው። ለምን ከቤት ተገጣጥመው እንዳልመጡ ባሻን ጠየቅኳቸው።

«የሚያገናኛቸው የነሐስ ክንድ በዚህ ኮረኮንች ይጣመማል» አሉኝ። «ጋብቻቸውን ወንዙ ዳር እንፈጽማለን፤ አንቺ ሚዜ ትሆኛለሽ።»

ገንዳ ውሃ ስንደርስ የማሽላ እንጀራ በደረቅ ባሚያ ወጥ በላን። ሻዩ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ውሃ ደግመን ስንጠይቅ ግን ባለቤቷ ማሰሮውን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ ቀዳችልን።

ወንዙ ዳር

አያሌው፣ ገመዱ ሲወጣ እንዲያይ አምጥተውት፣ እጁ እንደታሰረ ግራር ሥር ከዘበኛው ጋር ተቀምጧል። ከስቷል። በዓይን ብቻ ተሳሳምን።

ባሻ ሲሊንደሮቹን ጎን ለጎን አቁመው በብረት ቀበቶ አሰሯቸው። ያ ማኒፎልድ የሚሉት የነሐስ ክንድ ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የሁለቱ አየር አንድ ይሆናል። ክንዱ ላይ ሁለት መውጫ አለ፤ በየመውጫው ደግሞ ሬጉሌተር፣ ማለትም የታመቀውን አየር ለአፍ እንዲስማማ የሚያለዝበው ዕቃ ይገጠማል። ለአንድ ሰው ሁለት መተንፈሻ ለምን? አንዱ ቢታወክ ሌላው እንዲደርስለት ነው። ደስ አለኝ፤ ብልህ ሰው ያሰበው ነገር ነው።

አቶ እድሪስ የሚባሉ፣ ሰሊጥ የሚያስጨምቁና የትራክተር መለዋወጫ የሚነግዱ ሽማግሌ ሊያግዙ መጥተው ነበር። ባሻ እጃቸውን ሊታጠቡ ዞር ሲሉ፣ እሳቸው የክንዱን የብሎን ጥርስም በየመውጫው የሚገባውን የጎማ ቀለበትም በሰሊጥ ዘይት ቀብተው ጠበቋቸው።

«መዓለሽ፣ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ የባሻ ፊት ሲለወጥ፤ «እዚህ አገር ያለ ዘይት የሚዞር ብሎን የለም።»

«አባቴ፣ የዚህ ብሎን መንገድ ወደ ሳንባዬ ነው። የታመቀ አየርና ዘይት ከተገናኙ ደግሞ ሊነድ ይችላል።»

ሁሉም ተፈታ። በሳሙና አጥበን ስናደርቀው፣ በአንዱ መውጫ የሚገባው የጎማ ቀለበት ተሰንጥቆ ተገኘ፤ የቆላ ሙቀት አድርቆታል። ከዳር ቆመው የሚያዩት የእርሻው ኃላፊ በአንዱ ሲሊንደር ብቻ ይውረዱ አሉ። ባሻ እምቢ አሉ፤ ጭቃ ውስጥ ፓምፕ በዳሰሳ አግኝቶ ለማሰር አየሩ አይበቃም፤ ሁለተኛ መተንፈሻም አይኖርም። ወንድሜን አየሁት፤ አቀርቅሯል። ለጣት የማይበቃ ጎማ ዕድሉን ይዞበታል።

አቶ እድሪስ ሄደው አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የትራክተር ሃይድሮሊክ ቀለበት አመጡ። ነጠላዬ ላይ ዘረገፍነው። አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይወጠራል፤ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ መለካት የለመደ ዓይኔ በመጨረሻ እንደ ቆዳ የሚገጥም አገኘ። ባሻ የሲሊንደሮቹን ቁልፍ ቀስ ብለው ከፈቱ፤ የግፊት መለኪያውን ፊት ከሰው አዙረው ያዙት። መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባሁት። አንድም ቦታ አረፋ አልተነፋም፤ አየር አያፈስም። አንዴ እንድተነፍስበትም ሰጡኝ፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ የሐምሌ ጠዋት ያህል ይቀዘቅዛል።

ወረዱ። አረፋው አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይፈላል። ሲወጡ መጀመሪያ ያሉት «አንዱ መተንፈሻ አሸዋ ገባበት፤ ሁለተኛው አወጣኝ» ነው። ከዚያ ውሃው ሥር ፓምፑ ላይ ያሰሩትን ሽቦ ትራክተሩ ሳበ፤ ፓምፑ ጭቃ እየተፋ ወጣ፤ ገመዱ ከበርሜሉ እንደታሰረ ተከተለው። ጫፉ እንደ በሬ ጅራት ተበታትኗል፤ የበርሜሉ ከንፈር የፈገፈገው ቦታ ክር ክር ብሎ ሳስቷል። ቢላ እንዲህ አይቆርጥም። ኃላፊው በጣቶቻቸው መካከል ብዙ አገላበጡት።

«ፍታው» አሉት ዘበኛውን።

አያሌው ወደ እኔ የሚሮጥ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ሮጦ ፓምፑ ላይ ተደፋ፤ ዝገት እንዳይቀድመው ውሃውን ያንጠፈጥፍ ጀመር።

ስንመለስ

አያሌውን ለጥቂት ቀን አስፈቅጄ ወደ ቤቴ አመጣሁት። አይከል ላይ ብርዱ ሲቀበለን ብርድ ልብሱን ከሲሊንደሮቹ ገፍፌ እሱን አለበስኩት፤ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጎንደር እስክንገባ አልነቃም። ዛሬ ስፌት ቤቴ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ጉዞው ያስተማረኝ ከመርፌዬ አጠገብ ነው፤ ያን የሳሳ ጫፍ ለምኜ አምጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው መጥቶ «እገሌ ቆረጠው» ሲለኝ፣ ጫፉን አይተኸዋል ወይ እለዋለሁ።